የመጥረጊያው ተራ

መጥረጊያው በራቸው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ሲፋን ከትምህርት ቤት ተመልሳ የእንጨቱን ደረጃ ስትጨርስ ነው ያየችው። እጀታው ረጅም፣ ጭራሮው ያለቀ፣ ጫፉ ላይ ስሙን አለመጥራት የሚሻል ነገር የደረቀበት መጥረጊያ ነው። በሹራቧ እጅጌ አፍንጫዋን ሸፈነች። ከኋላዋ የምትወጣው የክፍል ጓደኛዋ ባርኮት ግን መጥረጊያውን ልብ አላለችውም፤ ዓይኗ በረንዳው ላይ ነበር።

«አንቺ፣ እዚህ ቤት እየኖርሽ ነው ዝም ያልሽው? ይሄ እኮ ቪንቴጅ ነው» አለችና ስልኳን አወጣች።

ፎቁን ከጣልያን ወረራ በፊት አንድ አርመን ነጋዴ አሠራው ይባላል። ታቹ ጥቁር ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት ነው፤ የበረንዳው ክፈፍ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል። ከቀበና ወንዝ ማዶ ሆኖ ለሚያየው፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከበስተጀርባው ሲጨመርበት፣ ፖስታ ካርድ ይመስላል። ሙሽሮችና ተመራቂዎች እየመጡ ከፊቱ ፎቶ ይነሣሉ። ከእነሱ መካከል ቤቱን ወደ ጀርባ ዞሮ ያየው ሰው ግን የለም።

በጀርባ በኩል፣ ከደረጃው ሥር፣ አርመኑ ለራሱ ቤተሰብ ብቻ ያሠራት ሽንት ቤት አለች። ዛሬ ስድስት አባወራ ይጠቀምባታል። ወለሏ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ውሃ ይሁን ሌላ ነገር ማንም አይጠይቅም። ግድግዳዋ ላይ የሰው ጣት የተጠረገበት ምልክት አለ። በክረምት ነጫጭ ትሎች ከስንጥቁ ይወጡና እንደ ተበተነ ሩዝ ወለሉ ላይ ይርመሰመሳሉ። ሲፋን ሩዝ መብላት የተወችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ማጽዳቱ በተራ ነው። ቅዳሜ ያጸዳ ሰው መጥረጊያውን እስከሚቀጥለው ዓርብ በራሱ በር ላይ ያቆየዋል፤ ዓርብ ጠዋት ወደ ቀጣዩ በር ያሻግረዋል። ከዚያ ውጭ የተጻፈ ደንብ የለም። መጥረጊያው በሩ ላይ የተሰቀለበት ቤት ያጸዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከእነሲፋን በፊት ያለው ተራ የእማማ ወለተማርያም ነው።

ሲፋን ከቦርሳዋ ባዶ ፌስታል አውጥታ እጇ ላይ አጠለቀች። መጥረጊያውን በሁለት ጣት ይዛ፣ ከሰውነቷ አርቃ፣ ወደ ጎረቤት በር ወሰደችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ባርኮት።

«ተራውን እየመለስኩ።»

«ለማን?»

«ለእማማ ወለተማርያም። ባለፈው ቅዳሜ የሳቸው ነበር። በራቸው ላይ ካዩት እንደገና ያጸዱታል። ይረሳሉ።»

ባርኮት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «አንቺ ሰይጣን። እናትሽስ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ላምበረት ሱቅ ነው የምትውለው። ስትመለስ ጸድቶ ታገኘዋለች።»

«አራዳ ነሽ ለካ። እኔ እኮ ፋራ ትመስዪኝ ነበር።»

ሲፋን ፈገግ አለች። ነገሩን የጀመረችው እሷ አልነበረችም። ባለፈው ክረምት እማማ መጥረጊያውን ማሻገር ረስተው ሁለት ቅዳሜ ተከታትለው አጸዱ፤ ማንም ምንም አላለም። ሲፋን ያን ቀን ከአልጋዋ ሳትነሣ አረፈደች። ከዚያ በኋላ የእነሲፋን ተራ በደረሰ ቁጥር የእማማን መርሳት እሷ ታግዘው ጀመር፤ በሳምንቱ እማማ መልሰው ሲያሻግሩት ደግሞ ያጸዳች መስላ ወደ ቀጣዩ በር ታሳልፈው ነበር።

የጎረቤት በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። እማማ ወለተማርያም ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበሩ፤ አሁንም ነጠላቸው ያለ ካውያ ከደጅ አይወጣም። መጥረጊያውን ሲያዩ ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን ልከው እጀታውን ነኩት፣ እውነት መኖሩን እንደሚያረጋግጥ ሰው።

«ሲፋንዬ።»

«አቤት እማማ።»

«ይሄን መጥረጊያ ዛሬ ጠዋት እናንተ በር ላይ አልሰቀልኩም?»

ባርኮት ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች።

«እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ እማማ። አላየሁም።»

«ባለፈው ቅዳሜስ? አጽድቻለሁ ወይስ እሱንም አስቤው ብቻ ነው?»

«እንጃ።»

እማማ እጃቸውን ከእጀታው አነሡ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ አላጸዳሁም ማለት ነው።» ተመልሰው ገብተው በራቸውን ዘጉ፤ ወዲያው መልሰው ከፍተው መዝጋታቸውን አዩና እንደገና ዘጉት።

«ፊታቸውን አየሽው?» አለች ባርኮት እየሳቀች።

ሲፋን አይታዋለች። አብራት ግን አልሳቀችም።

ራት ላይ እናቷ አስካለች እንጀራውን እየቆረሰች «የእማማን ነገር ሰማሽ?» አለቻት። «ነገ ዑራኤል የሚባለው ልጃቸው ሊወስዳቸው ነው። ካራ ሰፈር፣ እሱ ጋ። ክፍሉን ለመንግሥት ሊያስረክቡ ነው።»

«ለምን?»

«ራሳቸው ናቸው የጠሩት። ጭንቅላቴ ከድቶኛል፣ አንድ ቀን ቡታጋዙን ከፍቼ እረሳና ሰዉን ሁሉ አቃጥላለሁ ብለው። ሻይ እንኳ ማፍላት ትተዋል። የሚያወሩት ስለዚያ መጥረጊያ ብቻ ነው፤ ሰቀልኩት እላለሁ፣ ተመልሶ በሬ ላይ አገኘዋለሁ ይላሉ።» አስካለች ራሷን ነቀነቀች። «ልጁን የወለዱት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት በመስኮታቸው እንጦጦን ካላዩ የነጋ አይመስላቸውም። አሁን ካራ ሄደው ምን ሊያዩ ነው?»

ሲፋን የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰች።

እናቷ ዓይኗን አነሣች። «አንቺ ግን በተራሽ ታጸጃለሽ አይደል?»

«አጸዳለሁ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የዚያች ሽንት ቤት ሽታ አብሮ የወጣ መሰላት። ተነሥታ እጇን በሳሙና ታጠበች። መጥረጊያውን በፌስታል እንጂ በእጇ አልነካችውም፤ ሆኖም ጣቶቿን ስታሸታቸው አንድ ነገር አለ። ደግማ ታጠበች። አልለቀቀም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ወደ ሱቅ እንደ ሄደች፣ አንዲት የጭነት መኪና የግቢው በር ላይ ቆመች። ዑራኤል፣ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው፣ የእናቱን ፍራሽ በገመድ ጠፍሮ በደረጃው ሊያወርድ ይታገላል። የእማማ ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ግድግዳው ላይ ሥዕሎቹ የነበሩበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በሩ ላይ መጥረጊያው የለም።

«የኔ እመቤት» አላት ዑራኤል ላቡን እየጠረገ፤ «እማዬን እስቲ ከዚያ ጉድ አውጪልኝ። ተራዬን ለሰው ጥዬ አልሄድም ብላ ገብታለች። ከእንግዲህ ማን ይጠይቅሻል ብላት አልሰማ አለችኝ።»

ሲፋን ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አስራ ወረደች።

የሽንት ቤቱ በር ክፍት ነው። እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ጎንበስ ብለው ጥጉን ይፈትጋሉ። ያ የተጨማለቀ ውሃ የጫማቸውን አፍ አልፎ ገብቷል። ዝንቦች በፊታቸው ዙሪያ ይዞራሉ፤ እጃቸው ስለቆሸሸ ሊያባርሯቸው አይችሉም፤ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

«ልትገቢ ነው ልጄ? ትንሽ ታገሺኝ፣ ልጨርስ።»

ፌስታሉ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ አላወጣችውም። እጇን ልካ እጀታውን ያዘች። እጀታው ቀዝቃዛና የሚያሟልጭ ነበር።

«ይስጡኝ እማማ።»

«ተራዬ ነው እኮ።»

«አይደለም። የኛ ነው።» ሻሹ ድምፅዋን ስላፈነው ወደ አገጭዋ አወረደችው፤ ሽታው እንዳለ ገባ። «ትናንት እኛ በር ላይ ሰቅለውት ነበር። የመለስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ባለውም ተራችን፣ ከዚያ በፊት ባለውም እኔው ነኝ።»

እማማ ቀስ ብለው ቀና አሉ። አልጮሁም።

«ባለፈው ቅዳሜ አጽድቻለሁ?»

«አጽድተዋል።»

«ትናንት ጠዋት ሰቅዬዋለሁ?»

«ሰቅለውታል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት ሲፋንን ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋት። ሲፋን ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ እሷ ራሷ ይህችን ሽንት ቤት በየቀኑ የምታየው እንደዚያ ነው። መሬቱ ቢውጣት በወደደች፤ ግን መሬቱም ያው የምታውቀው መሬት ነው።

እማማ እጀታውን ለቀቁ። በአጠገቧ ሲያልፉ ልብሳቸው እንዳይነካት ሰበሰቡት። ግቢው መካከል ደርሰው ወደ ላይ ተጣሩ፤ ድምፃቸው መሥሪያ ቤት ሳሉ የነበራቸው ድምፅ ሳይሆን አልቀረም።

«ዑራኤል፣ ፍራሹን አስቀምጥና ወደዚህ ውረድ። ይቺ ልጅ የምትነግርህ ነገር አላት።»

ከሽንት ቤቱ ጎን ያለው የጓሮ በር ገርበብ ብሏል። በእሱ ከወጡ ወንዙ ነው፤ ከወንዙ ማዶ የእነባርኮት ሰፈር ነው። ሲፋን በሩን አየችው። ከዚያ ውሃ ያለበትን ባልዲ ወደ ራሷ ሳበችና እማማ ካቆሙበት ጥግ መፈተግ ጀመረች። ከላይ የዑራኤል እግር ያረጁትን የእንጨት ደረጃዎች እያንቋቋ ይወርድ ነበር።