የሃየሎም መቃብር ገሾ

በ፳፻፲፭ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት አጋማሽ፣ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ባሻገር ያለው የጥቁር አፈር ሜዳ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ነዳጅ ጠፍቶ፣ ለስደተኞቹ ሰፈር ውኃ የሚያመላልሰው ቦቴ ቀርቷል። በሰፈሩ ጠርዝ፣ በመቃብሩ ቦታ፣ አንድ ገሾ ይጠወልግ ነበር።

ገሾው የወይዘሮ ትዕበ ነው፤ ከትግራይ ጦርነት በሸሹ በዓመቱ አንድ ልጃቸውን ሃየሎምን ወባ ነጥቋቸው እዚያ ቀበሩት። በራስጌው ያቆሙትን የእንጨት መስቀል ማገዶ ያጣ ሰው ነቅሎ አነደደው፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ወይ አበሳ! እርጥብ አይነድምና፣ የገላባቱ ነጋዴ ሱሩር ከጭልጋ ያመጣላቸውን የገሾ ችግኝ ተከሉበት፤ እሱን እያዩ "ልጄ እዚህ ነው" ይሉ ነበር።

አሁን እሱም ሊሞት ሆነ። በአገራቸው የደብር አትክልት ጠባቂ የነበሩት ቄስ ኪዳነማርያም ቅጠሉን ዳስሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እመት ትዕበ፣ እዚህ ከቆየ አይተርፍም። ቅርንጫፉን ገርዘን ወደ ጎጆዎ ጥላ እናዙረው፤ የእቃ ማጠቢያ ውኃም ይበቃዋል።"

"ልጄንስ በምን ላገኘው ነው፣ አባ?"

"ጉድጓዱን ሳንደፍን እንተወው። መሬቱ ዝናብ ሲጠግብ እንመልሰዋለን።"

ደገኞች አይደሉ! በአገራቸው የተነቀለ ዛፍ ጉድጓድ ዓመት አፉን ከፍቶ ይኖራል፤ ሁለቱም አመኑ። ቄሱ የደረቀውን ቅርንጫፍ ገረዙ፤ ወይዘሮ ትዕበ ሥሩን ከነአፈሩ በነጠላቸው አቅፈው ወሰዱት።

ገሾው ጸደቀ። ሐምሌ ሲገባ ለምልሞ የጎጆአቸውን በር ጋረደ፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቁ። በነሐሴ መጨረሻ ዶማ ይዘው ወደ መቃብሩ ሄዱ።

ጉድጓድ የለም። በዚያ ክረምት ተስቦ የጣላቸው ሰዎች ጎን ለጎን ተቀብረዋል፤ የቀድሞው ጉብታ ሁሉ ሟሙቶ ሜዳው አንድ ጭቃ ሆኗል። ተንበርክከው በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ከዚህ ነው፣ አይ ከዚያ ነው፣ እያሉ እስኪመሽ ዳበሱ።

ሱሩር ሲሰማ እጁን በአፉ ጫነ። "ያ ሀጃ፣ እናቴ፣ ይህ መሬት ሲርስ ያብጣል፤ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ ይዘጋል። ወላሂ፣ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል! ምነው ሳይጠይቁኝ?"



ለመስቀል በዓል ጎረቤታቸው ሄርመላ ዘንቢል ይዛ መጣች። "እትዬ፣ ገሾዎ እንዴት አምሯል! ለጠላ ጥቂት ቅጠል ይሰጡኛል?"

"ውሰጂ" አሉ ወይዘሮ ትዕበ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩአትም። "ሁሉንም ውሰጂ፤ እኔን ግን እንዳታጠጪኝ።"

በሁለቱም አገር የተነሣውን ጦርነት ታሪክ መዝግቦታል፤ የጄኔራሎቹም ስም አይጠፋም። ሃየሎም የት እንደ ተኛ ግን የጻፈ የለም፤ ይህን የሚያውቅ አንድ ገሾ ነበር፤ እሱንም ይድን ብለው የነቀሉት እናቱ ናቸው።