ከአንድ ጃግ የተቀዳ

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ወጣቱ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ሞቷል። እናቱ እግሩን አቅፋ ታለቅሳለች፣ እጮኛው ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ ታላቅ እህቱ ዶክተሯ ደግሞ ሰዓቷን ታያለች። ፖሊስ የጠራችው እጮኛዪቱ ነበረች።

«ምኑ ነው የሚያስጠራው?» አለች ዶክተሯ። «በሽተኛ ነበር፤ ሞተ።»

በሽታው የዘር ነው። ከምግብ የሚመነጨውን መርዝ ጉበቱ ማስወገድ አይችልም፤ ታናሽ እህታቸው ሚጡም እንደዚያው ናት። ሁለቱን እስከዛሬ ያቆየቻቸው ዶክተሯ ናት። በራሷ ቤተ ሙከራ የባክቴሪያን ዘረመል እንደ ኤሌክትሪክ መስመር ቀጣጥላ፣ አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ያን መርዝ የሚበላ ባክቴሪያ ሠራች። በየሳምንቱ አንድ እንክብል ይውጣሉ፤ ይኖራሉ።

የአስከሬን ምርመራው «ከውጭ የገባ መርዝ የለም፤ ደሙን የመረዘው የገዛ አካሉ ነው» አለ። ዶክተሯ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ኢንስፔክተሯን አልጣማትም።

መጀመሪያ እጮኛዪቱን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«ከመታመሙ በፊት ምን ቀመሰ?»

«እኔ የጨመቅኩትን የብርቱካን ጭማቂ። ልንጋባና ሌላ ከተማ ልንኖር መሆኑን የነገራቸው ዕለት ነው። እናቱም፣ ዶክተሯም፣ እኔም ከዚያው ጃግ ጠጥተናል። በማግስቱ ያስመልሰው ጀመር።» እንባዋን ዋጠች። «በእኔ እንደሚያላክኩት ስለገባኝ የተረፈውን ደብቄዋለሁ።»

እናትየው ሌላ ነገር አወራች። «ሆደ ባሻ ነበር ልጄ። ከእህቱ ጋር በተኳረፈ ቁጥር ይታመማል። ይቅርታ ሲጠይቃት አዲስ እንክብል ታመጣለታለች፤ ወዲያው ይነሣል።»

«አሁንስ አላመጣችለትም?»

«አሁንማ ‹ይተኛ፣ ይለቀዋል› አለችኝ።»

ሚጡ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባች ቀጭን ልጅ ናት።

«አንቺስ ጭማቂውን ጠጣሽ?»

«ልቀምሰው ስል እትዬ ብርጭቆውን ነጠቀችኝ። ‹ቀዝቃዛ ነው፣ ጉሮሮሽን ያምሻል› ብላ።»

«ያምሻል እንዴ?»

«ኧረ ምንም!»

ኢንስፔክተሯ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደች። እዚያ የሚሠራው ባለሙያ የጠየቀችውን አልደበቃትም። «ባክቴሪያዎቹ አምልጠው እንዳይባዙ ማጥፊያ ተሠርቶላቸዋል። በምግብ ውስጥ የማይገኝ አንድ ስኳር አለ፤ እሱ ሲደርሳቸው ራሳቸውን ያፈነዳሉ። ሰውን ግን ምንም አያደርግም።»

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸውና ሁለት ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንዱ እንደ ወተት የደፈረሰ፣ ሌላው እንደ ውሃ የጠራ ነው።

«በሁለቱም ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ነበሩ» አለች። «በጠራው ላይ እጮኛው ከደበቀችው ጭማቂ ጠብ አደረግንበት፤ አለቁ። ጃጉ ውስጥ የገባው መርዝ ሳይሆን ያ ስኳር ነው። እናንተ ሆድ ውስጥ የሚገድለው ነገር አላገኘም። እሱን ግን ጠባቂዎቹን ጨረሰበት። እጮኛው ስኳሩን ብታውቅ ኖሮ ጃጉን አጥባ ታስቀምጠው ነበር። እናቱም አያውቁም። የሚያውቅ ሰው ግን ሚጡም ከጠጣች እንደምትሞት ያውቃል፤ ስለዚህ ብርጭቆውን ከእጇ ይነጥቃል።»

ወደ ዶክተሯ ዞረች። «በተጣላችሁ ቁጥር ባክቴሪያዎቹን ታጠፊበታለሽ፤ እግርሽ ላይ ሲወድቅ ታበሪለታለሽ። አሁን ሊሄድ ሲል አጠፋሽና ተውሽው።»

ዶክተሯ ለመካድ እንኳ አልሞከረችም። «እኔ የሠራሁት ሰው እኮ ነው፤ ወዴት ነው የሚሄደው?» እጆቿን ዘረጋች። «ውሰጂኝ። ባክቴሪያዎቹ ግን ሲባዙ ሲባዙ ሥራቸውን ይረሳሉ። እንደገና መሥራት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ሚጡን ማን ያኖራታል?»

እናትየው ኢንስፔክተሯ እግር ሥር ተደፋች። «አንዱ ሞተብኝ! ያቺን አትግደይብኝ! በሽታ ነው የገደለው በይልኝ፣ ልጄ!»

ኢንስፔክተሯ ካቴናውን እንደያዘች ቀረች።

«ውሰዷት» አለች ሚጡ።

እናቷ ተነሥታ በጥፊ አጮለቻት። ሚጡ ጉንጯን ይዛ ደገመችው። «ውሰዷት። ነገ እኔም ልሂድ ብል ታጠፋኛለች።»

ዶክተሯ ታስራ በአጠገቧ ስታልፍ ጆሮዋ ጋ ጎንበስ አለች። «ሲደክምሽ አስጠሪኝ፣ እሺ ሚጡዬ?»

ሚጡ በሩን ከፈተችላቸው።

መኪናው ሲነሣ እናትየው በባዶ እግሯ እየጮኸች ተከትላው ሮጠች። ጎረቤቶች ለሟቹ የምታለቅስ መስሏቸው ሊደግፏት ወጡ። የምትጣራው ግን ወንድሟን የገደለችውን የልጇን ስም ነበር።