በአውሮፕላን የመጣው ወንድም

መምህር ቃለሕይወት ሶዶ ባለው ቤቱ፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ፊቱ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ነበር። ሚስቱ እታፈራሁ ከቤተ ክርስቲያን የአዳር ጸሎት ንጋት ላይ ስትመለስ ነው ያየችው። ሐኪሙ መርዝ መሆኑን ተናገረ። ሰፈሩ ደግሞ «ሻዩን ማን አፈላው?» እያለ ሴትዮዋን በጎን ያያት ጀመር፤ ሐሜት ማስረጃ አይጠብቅም።

ኢንስፔክተር ሳህሊቱ ስትደርስ የሟች ታናሽ ወንድም ባዳቾ ከአዲስ አበባ ገባሁ ብሎ፣ ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅስ ነበር።

«ዛሬውኑ እንቅበረው» አላት። «ገዳይዋ እቺው ሚስቱ ናት። ትታሰር።»

«እርስዎ መቼ ሰሙ?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደወሉ። ወንድምህን አሞታል፣ ቶሎ ና አሉኝ።»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ነበሩ።»

«በአውሮፕላን ነዋ! ሰማይ ላይ እስከ አርባ ምንጭ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ መኪና ተኮናትሬ መጣሁ።»

«በቀጥታ ወደዚህ?»

«ታዲያ ወዴት ልሂድ?»

ሳህሊቱ ከሟች ጋር ተጣልቷል የተባለውን ጎረቤት ሰሎሞንን ጠራች።

«በዴሳ ከተማ ከብት ልገዛ ሄጄ እዚያው ነው ያደርኩት፤ አብረውኝ የሄዱትን ጠይቂ» አለ። «ጠባችን የአባታቸው መሬት ነው። ባዳቾ ልሽጥልህ ብሎኝ ነበር፤ መምህር እምቢ አለ።»

ከሰዓት በኋላ ሳህሊቱ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበች።

«ሰሎሞን በዴሳ እንዳደረ አጣርቻለሁ። እታፈራሁም ሌሊቱን ከምእመናን መሀል አልወጣችም። መምህሩ ሻዩን ያፈላው ራሱ ነው፤ ለሚወደው እንግዳ።» ወደ ባዳቾ ዞረች። አንቱታው ቀርቷል። «አውሮፕላኑ ፈጣን ነው፣ አልዋሸህም። ግን ሶዶ አላወረደህም። ከአርባ ምንጭ በተበላ ከተማ በኩል አድርጎ እዚህ ለመድረስ መንገዱ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቦሌ ደርሶ መፈተሹ፣ መጠበቁ አለ። የሰማዩን ቆጥረህ የምድሩን ረሳህ፤ ሌሊቱን እዚሁ ሶዶ ነበርክ።»

«ሾፌሩ ፈጣን ነበር...»

«ሌላም አለ። እዚህ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ታሟል ነው ያሉህ። ልብ ቢጠረጥር እንኳ ተስፋ ሰውን መጀመሪያ ኦቶና ሆስፒታል ይወስደዋል። አንተ የት ተኝቷል ብለህ አልጠየቅህም። አስከሬኑ በደንብ ሳይመረመር ልትቀብረው ስለቸኮልክ ቀጥታ ለቅሶ ቤት ገባህ። ተሳፍረህ ከሆነ ስምህ አየር መንገዱ ጋ ይገኛል። ልደውል?»

ባዳቾ አንገቱን ደፋ። «መሬቱን ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለ።

እታፈራሁ ተነስታ ፊቱ ቆመች። እናቱ ከሞተች ወዲህ ዩኒፎርሙን አጥባ፣ አብልታ ያስተማረችው እሷ ነበረች። የጠዋት ክሱ ከባሏ ሞት እኩል አሟት ነበር።

«ትናንት ሌሊት ጸሎት ላይ ስምህን ጠርቻለሁ» አለችው። «ሩቅ ነው ያለው፣ በሰላም አምጣልን ብዬ።»