የካንሳስ አገረ ገዦች አሟሟት

«‹ተሸነፉ› አይባልም፤ ‹አረፉ› በይ» አሉ ዳይሬክተሩ አቶ ያረጋል።

ሰፍያ ባዶው ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ፊት እንደቆመች ግራ ገባት። «ጋሼ፣ የካንሳስ ገዦች አልሞቱም እኮ። ሕዝቡ ሌላ ሰው መርጦ ነው የወረዱት።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። የአውራጃው ገዥ ፊት ቆመሽ ‹ሕዝቡ ገዥውን አወረደው› ልትዪ ነው?» አቶ ያረጋል ክራባታቸውን አላሉ። «ዘጠነኛ ክፍል እንዲከፈትልን ፊታውራሪን የምንለምነው ነገ ነው። እንዲከፈት ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ትፈልጋለች። ትምህርት ቤታቸው ከስምንተኛ አያልፍም። ወንዶቹ አዲስ አበባ ሱቅ ያለው አጎት አያጡም፤ እሱ ዘንድ እያደሩ ይማራሉ። የሰፍያ አባት ግን ልጃቸው ቅርብ ካለው እንሴኖ አክስቷ ቤት ብታድር እንኳ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። ዘጠነኛ እዚሁ ቡታጅራ ካልተከፈተ ትምህርቷ አበቃ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ሚስተር ሎረን ነው። ካንሳስ ከሚባል ስንዴ አብቃይ ግዛት የመጣው ይህ አሜሪካዊ መምህር፣ ለእንግሊዝኛ ልምምድ ብሎ የግዛቱን አገረ ገዦች ታሪክ አስተማራቸው። ሌላው ተማሪ ሲያዛጋ፣ ሰፍያ ስሞቹን እንደ መንዙማ በዜማ ሸመደደቻቸው። እናም የአውራጃው ገዥ ፊታውራሪ አስረስ ትምህርት ቤቱን ሲጎበኙ ታሪኩን በአማርኛ እንድታቀርብ ተመረጠች።

በማግስቱ ፊታውራሪ ከፊት ተቀመጡ። ሚስተር ሎረን ከጎናቸው ነበር። አቶ ያረጋል የዘጠነኛ ክፍሉን ማመልከቻ ጠቅልለው ይዘው በሩ አጠገብ ቆሙ።

ሰፍያ ጀመረች። የመጀመሪያው ገዙ፤ ታመው አረፉ። ሁለተኛው ገዙ፤ ታመው አረፉ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሚስተር ሎረን አማርኛው ደካማ ቢሆንም «አረፉ»ን ያውቃታል፤ ጎረቤቶቹ ያልወሰዱት ለቅሶ የለም። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ።

እየቀጠለች ስትሄድ ፊታውራሪ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ነፍስ ይማር» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «እኒህኛው ስንት ዓመት ገዙ?»

«ሁለት ዓመት፣ ጌታዬ።»

«የቀደሙትስ?»

«እሳቸውም ሁለት።»

«ምን ዓይነት ወንበር ነው!» ወደ አሜሪካዊው ዞሩ። «ወባ ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ ሚስተር ሎረን። ከሚያውቃት አማርኛ ሁሉ አጥርቶ የሚናገራት እሷን ነበር።

«ብርድ ነው ክቡርነትዎ!» አሉ አቶ ያረጋል ከበሩ በኩል። «የካንሳስ ብርድ ክፉ ነው!»

«ገዥውን ብቻ እየመረጠ ነው የሚበርደው?» ፊታውራሪ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አሳረፉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔንም እኮ እዚህ ከተሾምኩ ወዲህ ይወጋኛል። ልክ እዚህ ጋ።»

ከተማሪዎቹ መካከል የክፍል ጓደኛዋ ከድጄ አንሾካሾከች፤ «ወላሂ፣ ሰውየውን ልትገድያቸው ነው!»

ሰፍያ ፊታውራሪን አየቻቸው። ትናንት ስታስባቸው ቁጣና ካባ ብቻ ነበሩ። አሁን ፊቷ የተቀመጡት ጎናቸውን የያዙ፣ የፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ያስፈራቻቸውም እሷ ናት።

«ጌታዬ» አለች፤ «አልሞቱም።»

አቶ ያረጋል ሳል ያዛቸው።

«ማን ነው ያልሞተው?»

«ብዙዎቹ። እዚያ በየሁለት ዓመቱ ሕዝቡ ይመርጣል። ሌላ ሰው ከመረጠ የፊተኛው ቤቱ ይገባል።»

«ቤቱ ይገባል?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ሳይታሰር?»

«ሳይታሰር።»

«ርስቱስ?»

«የራሱ ነው። አንዳንዱ ስንዴውን እያረሰ ያረጃል።»

ሚስተር ሎረን ምን እንደተባለ ባይገባውም ጸጥታው ስለገባው ጫማውን ያይ ጀመር። ፊታውራሪ በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ ተመለከቱ። እጃቸው ከጎናቸው ላይ ቀስ ብላ ወረደች።

«ስንዴውን እያረሰ…» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። የተቆጡ ይሁን ያልተቆጡ ከፊታቸው አይነበብም። «በይ፣ ሟቾቹን ተይና ከመጀመሪያው ጀምሪ። አሁን እውነቱን እንስማ።»

ሰፍያ ወደ በሩ ተመለከተች። አቶ ያረጋል ማመልከቻውን ጨምድደው ይዘው፣ በዓይናቸው ይለምኗታል። የመጀመሪያው አገረ ገዥ ታሪክ ከመሸነፍም ይብሳል። «በሰላም ቤታቸው ገቡ» ብትል ማንም ውሸታም አይላትም፤ መጨረሻ ላይ ገብተዋልና።

ፊቷን ወደ ፊታውራሪ መለሰች።

«የመጀመሪያው» አለች፤ «ምክር ቤቱ ከሷቸው ነበር።»