የስድስተኛው ገጽ ዜና

ዶክተር ጠሃ ከተገለበጠ መሰላል አጠገብ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። የሸሚዛቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ተሰብስቧል፤ እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ አለ፤ ዙሪያቸውን የገበሬ ስም የተጻፈባቸው ካርዶች ተበታትነዋል። ዘበኛው ዳባ ያገኛቸው በመስከረም 1978 ዓ.ም.፣ በአንድ ዝናባማ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

ቦታው ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ ያለ የእርሻ መረጃ ማዕከል ነው። በጅማ ዙሪያ ያሉትን የቡና ገበሬዎች በካርድ ይመዘግባል፤ በዓመት ሁለት ጊዜም «መረጃና ሥርዓት» የሚባል የጥናት መጽሔት ያወጣል። ሟቹ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ነበሩ።

«ሽማግሌ ሰው መሰላል ላይ ወጣ፣ ወደቀ። ምኑ ይመረመራል?» አሉ የፖሊስ አዛዡ፣ መርማሪያቸውን መቶ አለቃ ኤርሲዶን ወደዚያ ሲልኩ። «ሳታንዛዛ ዝጋው።»

ኤርሲዶ ግን የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ወለሉን አየ፤ ጣውላ ነው። የሟቹን ማጅራት አየ፤ ቁስሉ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ የካርድ መሳቢያ በያዙት የብረት ካቢኔቶች ጥግ ላይ ጣቱን እያሳለፈ ሄደ። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። የአንዱ ጥግ ብቻ ጣቱን አላቆሸሸውም።

«ይህን ማን ወለወለው?»

«ሂን ቤኩ፣ ጌታዬ» አለ ዳባ፤ አላውቅም ማለቱ ነበር። «ጽዳት ሰኞ ሰኞ ነው።»

«በምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ እነማን ነበሩ?»

«ሌላው ሁሉ ለስብሰባ ከተማ ወርዷል። የቀሩት ዶክተር፣ ወይዘሮ ዙቤይዳ፣ አቶ አብተውና ዘርሁን ናቸው። ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ዝናቡ ስለባሰ እኔ ዘበኛ ቤት ገብቼ ነበር። ማን እንደወጣ ማን እንደገባ አላየሁም።»

የካርዶቹ ኃላፊ ወይዘሮ ዙቤይዳ ዓይኖቿ ቀልተው መጣች። ከመቀመጧ በፊት «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች።

«መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?» አላት ኤርሲዶ።

«ስድስት ሰዓት አልፎ። ጁምዓ ሊሄዱ ውዱእ አድርገው፣ እጅ እግራቸውን ታጥበው፣ ከቧንቧው ሲመለሱ። እኔ ቤቴ ልሰግድ ወጣሁ።»

«መሰላል ላይ ይወጡ ነበር?»

«በዚያ ጉልበታቸው? የየቡ ገበሬዎችን ካርዶች ማክሰኞ ዕለት ከላይኛው መሳቢያ ወደ ታችኛው ያወረድንላቸው እኮ ለዚያ ነው። ዘርሁን አገዘኝ። የመሳቢያዎቹን ስም ገና አልቀየርኩም እንጂ።»

«ከየቡ ካርዶች ምን ይፈልጉ ነበር?»

ሴትዮዋ አቀረቀረች። «እሱን እኔ አላውቅም።»

እንደምታውቅ ኤርሲዶ ገብቶታል፤ ግን አልተጫናትም። ከወለሉ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሳ አነበበ። ሁሉም የአጋሮ ገበሬዎች ናቸው። ተከፍቶ የቀረው የላይኛው መሳቢያ ላይ ግን «የቡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ማባዣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ዘርሁን ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ ጎልማሳ ነው።

«ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ሻይ ልጠጣ... ከተማ።»

«የትኛው ሻይ ቤት?»

ዘርሁን የጠቆሩ ጣቶቹን በጨርቅ መወልወል ያዘ። ከኮቱ ኪስ የአንዲት ትንሽ የመዝሙር ደብተር ጫፍ ብቅ ብሏል። ኤርሲዶ ወዲያው ተረዳው። ቤተ ክርስቲያናቸው የታሸገባቸው ሰዎች ዓርብ ዓርብ በየቤቱ ተደብቀው እንደሚጸልዩ ያውቃል፤ ሆሳዕና ከተማ ያለችው የገዛ እናቱም ከነሱ አንዷ ናት። ደብተሯን በአንድ ጣቱ ወደ ውስጥ ገፋት።

«ስንት ሰው አይቶሃል?»

«አሥራ አንድ» አለ ዘርሁን በሹክሹክታ።

«ይበቃኛል። አሁን ስለ መጽሔቱ ንገረኝ።»

«ጠዋት ስቴንስሎቹን፣ ለማባዣ የተዘጋጁትን ገጾች፣ ቆጥሬ ነበር፤ ሙሉ ነበሩ። አሁን ወይዘሮ ዙቤይዳ በታይፕ የጻፉት ስድስተኛው ገጽ የለም። 'ዜናና ክንውን' የሚለው ነው።»

በመጨረሻ የመጣው ምክትል አዘጋጁ አብተው ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ሱፉ የማይጨማደድ ሰው ነው። ስለ የቡ የቡና በሽታ በመጽሔቱ ያወጣው ጥናት ስሙን አስጠርቶለት፣ አዲስ አበባ ለሚከፈተው የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊነት ታጭቷል። ሳምንቱን አጋሮ ከርሞ የተመለሰው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከመስጊድ ሲመለሱ ኮሪደሩ ላይ ሰላም ተባብለናል። ከዚያ ዳባ እስኪጮህ ድረስ ከአዲስ አበባ ጋር በስልክ ሳወራ ነበርኩ። መስመር ያገናኘችኝን የስልክ ቤት ልጅ ይጠይቋት።»

«የግቢውን ስልክ ቀድሜ አጣርቻለሁ። እውነት ነው» አለ ኤርሲዶ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። ዝናቡ አባርቷል።

«ዶክተር ከመሰላል አልወደቁም» አለ ኤርሲዶ። «ጣውላ እንዲህ ያለ ቁስል አያወጣም። ጭንቅላታቸው ያረፈው እዚህ የብረት ጥግ ላይ ነው፤ ደሙን የጠረገው ሰው አቧራውንም አብሮ ጠረገው። ቀጥሎ አደጋ ለማስመሰል መሰላሉን ገለበጠ፣ 'የቡ' የሚለውን መሳቢያ ከፍቶ ካርድ በተነ። የበተነው ግን በየቡ ቦታ የገባውን የአጋሮን ነው። ካርዶቹ ቦታ መቀየራቸውን ዙቤይዳና ዘርሁን ያውቃሉ፤ ራሳቸው ናቸው የቀየሩት። የማያውቀው ሳምንቱን እዚህ ያልነበረ ሰው ነው።»

አብተው ፈገግ አለ። «ስልክ ላይ የነበርኩትን ሰው ነው እንዲህ የሚሉት?»

«ስልኩ የሚያድንህ ዶክተር እስከ ስምንት ሰዓት በሕይወት ከነበሩ ነው። ያን የምትለው አንተ ብቻ ነህ። ጫማቸው ጠረጴዛቸው ሥር ነው፤ ደረቅ ነው፣ ጭቃ አልነካውም። በዚያ ዝናብ መስጊድ ደርሶ የተመለሰ ሰው ጫማ እንዲህ አይሆንም። እጅጌያቸው እንደተሰበሰበ፣ በነጠላ ጫማ ነው የሞቱት። ውዱእ አድርገው ገና ሳይወጡ። አንተ ስምንት ሰዓት ላይ ሰላም ያልከው ማንን ነው?»

መልሱን ሳይጠብቅ ኤርሲዶ ወደ ዙቤይዳ ዞረ።

«ስድስተኛውን ገጽ የጻፉት እርስዎ ነዎት። ምን ይላል?»

ዙቤይዳ ሻሿን አጠበቀች። የየቡ ቡና በበሽታ ምክንያት እንዲነቀል የታዘዘው ከላይ ነው፤ ያን ተቃውሞ መናገር ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች። ቢሆንም ተናገረች።

«የአቶ አብተው ጥናት ተሰርዟል ይላል። ዶክተር ረቡዕ ዕለት የቡ ሄደው ገበሬዎቹን አነጋገሩ። ማንም መጥቶ ቡናቸውን አላየም። የአርባዎቹም ገበሬዎች ካርድ እዚሁ የተፈበረከ ነው። በዚያ ጥናት ምክንያት ሰኞ የአርባ ቤተሰብ ጤነኛ ቡና ሊነቀል ነው።»

አብተው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ከመታተሙ በፊት አንድ ሳምንት ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። 'ቡናው ሰኞ ነው የሚነቀለው' ብለው ጥለውኝ ሊወጡ ሲሉ ገፋኋቸው። ልገድላቸው አልነበረም።»

«መሰላሉን ስትገለብጥ ይተነፍሱ ነበር?»

አብተው መሬት መሬቱን አየ። ዘርሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ማታውኑ የእምነት ቃሉ ተፈረመ። የኤርሲዶ አለቃ ተቆጡ፣ አንጎራጎሩ፣ ግን የተፈረመ ወረቀት መቅደድ አልደፈሩም። ቅዳሜ ጠዋት ኤርሲዶና ዙቤይዳ ካርዶቹን ጭነው የቡ ሲደርሱ የወረዳው ሰዎች የእምነት ቃሉን አንብበው የሰኞውን ነቀላ አቆሙ።

አንድ ሰው ግን ሰኞን አልጠበቀም። ቲጃኒ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አሻፈረኝ አሉ እንዳይባሉ ፈርተው፣ ሐሙስ ዕለት በገዛ መጥረቢያቸው መቁረጥ ጀምረዋል። የተቆረጠው ቡና ደጃፋቸው ላይ ተከምሯል፤ ፍሬው ገና ቀይ ነው።

ዙቤይዳ ካርዳቸውን አነበበችላቸው። ጥር ላይ ባለሙያ መጥቶ ሃያ ሁለት እግር ቡና አይቷል፤ ሁሉም ታሟል ይላል።

«ጥር ላይ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ማን ነው ያየልኝ?»

ዙቤይዳ የካርዱን ጽሑፍ በሁለት መስመር ሰረዘችና ጭቃውን እየረገጠች ወደ ማሳው ገባች። እያንዳንዱን እግር በእጇ እየነካች፣ ቅጠሉን እየገለበጠች እስከ አጥሩ ሄዳ ተመለሰች።

«አሥራ አራት ቀርቶዎታል፣ አባቴ» አለች። «አንዱም አልታመመም።»

ካርዱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ እንደዚያው ጻፈችው።