ስሙ ሲጠራ

ፕሮፌሰር ኤልውድ ፔቲግሩ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ዕድሜውን በፈጀበት የምስጢራዊው ማኅበር ታሪክ ረቂቅ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የነሐስ ጉጉት እግሩ ሥር ወድቋል። ከረቂቁ አንድ ቅጠል ተገንጥሏል፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከእሱ ጋር የተመረጡት አባላት ስም ዝርዝር ነበር።

መርማሪ ሎሬታ ስፒልማን በሩን አስዘጋች። ያን ጠዋት ሟቹ ዘንድ የገቡት ሦስት የትምህርት ጓደኞቹ ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም የማኅበሩን ቀለበት ያጠለቁ፣ ትዕቢታቸው በበር የማያስገባቸው ሽማግሌዎች።

«ያለ ማዘዣ ኪሴን አትነኪም» አለ ዳኛ ክሬብ። «ቶሎ ጨርሺ፤ የጎልፍ ቀጠሮ አለብኝ።»

ዶክተር ሜቢ አለቀሰ። «ኤልውድ ወንድሜ ነበር።»

የቦርድ ሰብሳቢው ክላይድ ራትሊፍ ቀለበቱን አሳያት። «ልጄ፣ ሚስቴንም ወንበሬንም ያገኘሁት በዚህ ነው። ያለ ማኅበሩ እኔ ማን ነኝ?»

ሎሬታ ሦስቱን አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አባቴ አዳራሻችሁን ሠላሳ ዓመት ጠርጓል። ስለ ነጭ ጉጉት ብዙ አጫውቶኛል።»

ዳኛውና ሐኪሙ ወዲያው ተነሥተው ወጡ። ራትሊፍ እግሩን አነባብሮ ቀረ።

«ምን ነካቸው?»

«ተመለሱ ጌቶቼ፤ ስሙን ለጊዜው አልጠራውም» አለች። «አባቴ ወለሉን መወልወል ሲፈልግ የማኅበራችሁን ስም ይጠራ ነበር። የውጭ ሰው ስሙን ከጠራ አባል ክፍሉን ለቆ ይወጣል። መሐላችሁ ነው፤ የትም አልተጻፈም። አቶ ራትሊፍ ግን አላወቁትም።»

«ጉልበቴን አሞኝ ነው!»

«ስሙ ያለበት ሰው ዝርዝሩን ለምን ይገነጥላል? የገነጠለው ስሙ የሌለበት ነው። ቀለበቱን ከየት ገዙት?»

ዳኛው ሳቀ። «እኛማ እናውቅ ነበር፣ ክላይድ። ሃምሳ ዓመት በየእራታችን ስንስቅብህ ኖርን።»

የራትሊፍ እጅ ሳያዝዘው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሎሬታ ቅጠሉን ተቀብላ ገለበጠችው።

«ጀርባውን አንብበውታል?»

በሟቹ እጅ፣ በእርሳስ ተጽፏል፦ «ክላይድ ራትሊፍም ይጨመር። በምርጫው ቀን በሳቅ የጣልነው ወዳጃችን ነው። የበደልነው ይበቃል።»

ራትሊፍ ሁለቴ አነበበው። «ታዲያ… ገብቻለሁ ማለት ነው?»

ሎሬታ ቅጠሉን መልሳ ወሰደች። ራትሊፍ የገደለው በሕይወቱ ያዘነለትን ብቸኛ ሰው ነበር።

«ነጭ ጉጉት» አለች ሎሬታ።

ሦስቱም ብድግ አሉ። ራትሊፍ ከሁሉም ቀድሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ፖሊሶቹ ካቴና ይዘው ወደቆሙበት በር ወጣ።