በእንጦጦ ብርድ ማቀዝቀዣ

አቶ ገብረ ክርስቶስ ሞተው የተገኙት መኪናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ነው። ሐኪሙ የቤንዚን ጭስ አፍኖ ገድሏቸዋል አለ፤ የቆርቆሮው ጋራዥ በር ደግሞ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። ሰው በራሱ ላይ ከውጭ አይቀረቅርም። ስለዚህ በሠልስቱ ጠዋት መርማሪው መቶ አለቃ ሠረቀብርሃን ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን ዳገት እያለከለከ ወጣ።

ሟች ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበሩ። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ያረጀች አሜሪካ ሠራሽ መኪናውን ተወላቸው፤ መኪናዋም የአየር ማቀዝቀዣ ነበራት። ማቀዝቀዣ፣ ያውም እንጦጦ ላይ! ሰው በጠራራ ፀሐይ ጋቢ በሚደርብበት አገር! ማሽኑ ተበላሽቶ አቶ ገብረ ክርስቶስ ላሠራው ብለው ሲንከራተቱ መንደሩ «ጋሽዬ ብርዱ አንሷቸው ነው» እያለ ሲስቅባቸው ከርሟል።

መቶ አለቃው ለምን እንዲያ እንደለፉ የሰማው ከመካኒኩ ከዲንሳ ነው። ዲንሳ የጉርድ ሾላ ልጅ ነው፤ ሟችን አባባ እያለ ነው ያደገው። አሁን በገዳይነት ተጠርጥሮ በሸሚዝ ብቻ እስር ቤት ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

«ምን አጣላችሁ?» አለው መቶ አለቃው።

«ኮምፕሬሰሩ ነው፣ ጌታዬ። ውስጡ አልቋል፤ ማቀዝቀዣው በተከፈተ ቁጥር ይጮኻል። አውጥተን እንጣለው አልኳቸው፤ እሳቸው ጉንፋን ይዟቸው እንኳ ወይ ፍንክች።»

«በዚህ ብርድ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ለሚስታቸው ለእማማ አስካለች ነው። ቁርጥማት አለባቸው፤ ሶደሬ ፍል ውሃ ሊወስዷቸው ፈልገው ነበር። እማማ ደግሞ ንፋስ ይመታኛል ብለው የመኪና መስኮት አያስከፍቱም። መስኮት ተዘግቶ በዚያ ሐሩር እንዴት ይኬዳል?» ዲንሳ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ተናድጄ እያስጮኹት ትቻቸው ወጣሁ። በሩ ግን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነበር።»

ማን ይመነው? ጎረቤቲቱ ወይዘሮ በለጡ ጭቅጭቁን ሰምተዋል፤ ዲንሳ ተቆጥቶ ሲወጣም አይተዋል። እሱ ከሄደ ቆየት ብሎ የማሽኑ ጩኸት ጸጥ አለ፤ ወዲያው በረዶ ወረደ። ዲንሳን ያሰረው አሥር አለቃም ነገሩን አስልቶት ነበር፤ ጩኸቱ ሲቆም ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ጭሱም ቆሟል፤ እንግዲያው በሩ የተዘጋው ገና እየጮኸ ሳለ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ እዚያ የነበረው ዲንሳ ብቻ ነው። ውሃ የሚያነሳ ነገር ይመስላል። መቶ አለቃውን ግን አልዋጥ አለው።

ልቅሶ ቤት ሲደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ወይዘሮ አስካለች መሬት ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። እስከዚያ ቀን ማንም አንድ ቃል አልጠየቃቸውም፤ ሐዘንተኛን ማን ደፍሮ ይጠይቃል? መቶ አለቃው አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ያጥናዎ» አለና ወደ ጋራዡ ዞረ።

ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ከሥር ወድቋል። ቤንዚን ታንከሩ ውስጥ እንጨት ሰዶ ቢያወጣው ደረቅ ነው፤ የሞተሩ ማስነሻ ቁልፍ ደግሞ እንደተከፈተ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሩን ከሥር አየው፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ተይዟል። ከጓሮ አጥሩ ላይ አንድ ጋቢ ተሰጥቷል፤ ታጥቧል፣ ግን አንደኛው ጫፉ ላይ የጭቃው ቀለም አለቀቀም።

የሟች ልጅ፣ አካሉ የሚባለው፣ ከኋላው ሮጦ ደረሰ። አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው፤ ማታ ከሥራ ሲገባ በሩን የከፈተው እሱ ነው።

«እሱን ይተዉት፣ መቶ አለቃ» አለ።

«የማን ነው?»

የአካሉ እንባ ወረደ። ለእናቱ የአባቱ ልብ ነው የቆመው ብሏቸው ነበር፤ የዲንሳን መታሰርም አልሰሙም። «አንዱን ቀብሬያለሁ። እሷንም አያስቀብሩኝ» ብሎ ለመነው።

«ዲንሳስ የማን ልጅ ነው?» አለው መቶ አለቃው።

መቶ አለቃው ይህን ብሎ ሲያበቃ የገዛ አፉ መረረው። ዲንሳ ያለ እናቲቱ ጋቢ ነጻ አይወጣም፤ እሳቸው ሰምተው ደግሞ እንዴት ይኖራሉ? ቢሆንም ዲንሳን አስመጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አቆመው። ማጉረምረሙ ጋብ እስኪል ጠበቀ።

«ጩኸቱ ሲቆም ሞተሩ አልጠፋም» ብሎ ጀመረ። «የተበጠሰው የኮምፕሬሰሩ ቺንጋ ነው። ሞተሩ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሠርቷል። አቶ ገብረ ክርስቶስ ጉንፋን ይዟቸው፣ ደክሟቸው፣ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሩ የተዘጋው ከዚያ ወዲህ ነው።»

ቀስ እያለ ቀጠለ። በሩ ሥር ጋቢ ተወትፎ ነበር፤ ጋቢው ጭቃ ነክቶታል። ግቢው በረዶው እስኪወርድ ድረስ አቧራ ነበር፤ ስለዚህ ጋቢው የተወተፈው በረዶው ከጀመረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዲንሳ የካ ሚካኤል አጠገብ ሻይ ቤት ተጠልሎ ነበር፤ አብረውት የተጠለሉት ሰዎች መስክረውለታል።

«ታዲያ ማን ዘጋው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ሞተሩ የጠፋ የመሰለው ሰው። ጩኸቱ ቆሟል፤ በረዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ ሌላ ምን ይሰማል? ሊገድል የመጣ ሰው ደግሞ የገዛ ጋቢውን በሩ ሥር ትቶ አይሄድም። የዘጋው ሰው የ…» መቶ አለቃው ቀጥ አለ።

ወይዘሮ አስካለች ቀና አሉ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ለኔ ብለው ሲለፉ ውለው ተኝተው አየኋቸው። ልቀሰቅሳቸው አሳዘኑኝ። ንፋስ እንዳይመታቸው ብዬ ዘጋሁት፤ ጋቢዬንም ከሥር ወተፍኩት።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አካሉ፣ ልባቸው ነው አላልከኝም?»

አካሉ እግራቸው ሥር ተደፋ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ አለቀሰ፤ ንፋስ ፈርቶ መስኮት ያልዘጋ፣ ለሚወደው ሰው በር ያልዘጋ ማን አለ? መቶ አለቃው ይህ ወንጀል አይደለም፣ ማንም አይጠየቅበትም አለ። እሳቸው የሰሙትም አይመስሉም፤ ዓይናቸው ዲንሳ ላይ ነበር።

«በሸሚዝ ነው ያሰሩህ?» አሉት። «ጋቢዬን አምጡልኝ።»

ከአጥሩ አውርደው ሰጧቸው። እንደ ምንም ተደግፈው ተነሡና ጋቢውን ዘርግተው ወደ ትከሻው አነሡት።

«ንፋስ እንዳይ…»

ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ጋቢውን እንደያዙ እጃቸው አየር ላይ ቆመ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ አለ።

ዲንሳ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ከጋቢው ሥር አስገባ።

«ያልብሱኝ፣ እማማ» አላቸው። «በርዶኛል።»